አሮጌ ሲጂ 125ን ቤት ውስጥ ማደስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክልን ይመለከታሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ይህ ሞተር ዘይት በወቅቱ በማይቀየርባቸው አገሮች እንዲበረክት ታስቦ ተሠራ። ካምሻፍቱ (ቫልቮላ ከፋቹ ዘንግ) ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ሳይሆን ታች ተቀምጦ በጥርስ ይዞራል፤ ቫልቮላዎቹን (የአየርና የጭስ መዝጊያዎቹን) የሚከፍተውም በሁለት ገፊ ዘንጎች ነው። «156 ኤፍ ኤም አይ» የሚል ማኅተም ካለባቸው የቻይና ሞተሮች የብዙዎቹም ሥሪት ከዚሁ የተቀዳ ስለሆነ መልሳችን በአብዛኛው ለእነሱም ይሆናል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የአባቴ የነበረ ባለ 6 ቮልት ሲጂ 125 አለኝ። ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ዳገት ላይም ይደክማል። ጋራዥ ሄጄ ባሳይ «ፋሻ ቀይርለት» (የፒስተኑን ቀለበት ማለት ነው) አሉኝ። ቤት ፈትቼ ፋሻውን ብቻ ብቀይር ይበቃል?

መልስ፦ ሳይለኩ ፋሻ አይግዙ። መጀመሪያ ጭሱ መቼ እንደሚወጣ ያስተውሉ። አድሮ ሲነሳ ቡልቅ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ የቫልቮላው ጎማ ደርቋል። ነዳጅ በሰጡት ቁጥር የሚያጨስ ከሆነ ግን ችግሩ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው። ቀጥለው ኮምፕረሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) ይለኩ። ሞተሩን አሙቀው ካንዴላውን ያውጡ፣ በቀዳዳው የግፊት መለኪያ ይግጠሙ፣ የነዳጅ እጀታውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱና መርገጫውን አምስት ስድስት ጊዜ ይርገጡ። ቁጥሩን ይያዙ። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ዘለል ካለ የሚያፈሰው ፋሻው ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቮላው ነው።

ሲሊንደሩን ካወጡ በኋላ የውስጥ መለኪያ መሣሪያ ባይኖርዎትም አንድ ፋሻና ባለ ላሜራ የክፍተት መለኪያ ይበቃዎታል። ፋሻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ከትተው በፒስተኑ አናት እየገፉ ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት። መጀመሪያ ፋሻ በማይደርስበት የታችኛው ጫፍ፣ ቀጥሎ ከላይ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ የፋሻውን አፍ ክፍተት ይለኩ። የሁለቱን ልዩነት ለ3.14 ሲያካፍሉት ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደተበላ ያገኛሉ። ለምሳሌ ታች 0.25፣ ላይ 0.60 ካሳየ ልዩነቱ 0.35 ነው፤ ለ3.14 ሲካፈል 0.11 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሲሊንደሩ አዲስ ሳለ ስፋቱ 56.50 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከ56.60 ካለፈ ፋሻ ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። አዲስ ፋሻ በተበላ ሲሊንደር ውስጥ ክብ ሆኖ አይቀመጥም፤ ብዙም ሳይቆይ ጭሱ ይመለሳል።

እንዲህ ከሆነ ሲሊንደሩ በቶርኖ መስፋት አለበት። ትርፍ መጠን ያላቸው ፒስተኖች በ0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1.00 ሚሊ ሜትር ይሸጣሉ። ጉዳቱን ከሚያጠፉት ውስጥ ትንሹን ይምረጡ። ፒስተኑን *አስቀድመው* ይግዙና ለቶርኖ ቤቱ ከሲሊንደሩ ጋር ያስረክቡ። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና የፒስተኑ ትክክለኛ ልክ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ባለሙያው ፒስተኑን ለክቶ ከ0.02 እስከ 0.04 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለት። ግድግዳው እንደ መስታወት ማብረቅ የለበትም፤ ዘይት የሚይዙ የተጠላለፉ ጭረቶች ይፈልጋል።

ከቶርኖ ሲመለስ አብዛኛው ሰው በቤንዚን ያጥበውና ይገጥመዋል። ቤንዚን የሞረዱን ብናኝ ከጭረቶቹ ውስጥ አያወጣም፤ ያ ብናኝ ደግሞ አዲሱን ፋሻ በጥቂት ቀን ይበላዋል። በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በብሩሽ ይፈትጉት። ያድርቁና ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ ያሳልፉበት። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ እንደገና ይጠቡ። ነጭ ሆኖ ሲወጣ ወዲያው ዘይት ይቀቡት፤ ካልሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ዝገት ያወጣል።

ሲሊንደሩ እንደወጣ ቢዬላውንም (ፒስተኑን ከኮሎው፣ ማለትም ከዋናው የሞተር ዘንግ፣ የሚያገናኘውን) ይፈትሹ። ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ ጤናማ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ሲጎትቱት ቀጭ ካለ ግን የታችኛው ኩሽኔታ አልቋል። ያኔ ኮሎው በፕሬስ ተለያይቶ መታደስ አለበት፣ ይህም የቤት ሥራ አይደለም። በቀኝ በኩል ከፍሪሲዮኑ ሽፋን ሥር ያለውን በመሽከርከር የሚያጣራ የዘይት ማጣሪያም ይክፈቱ። በውስጡ እንደ ግራሶ የጠጠረ ጥቁር ጭቃ ያገኛሉ። እሱን ሳያጸዱ መዝጋት አዲሱን ፒስተን በአሮጌ ቆሻሻ ማስጀመር ነው።

ሲገጥሙ ፒስተኑ ላይ ያለው «IN» የሚለው ምልክት ወደ ካርቡራተሩ ይዙር፤ ፋሻዎቹ ላይ ያለው ፊደል ወደ ላይ ይሁን፤ አፋቸውም በ120 ዲግሪ ይራራቅ። የስፒኖቶውን (ፒስተኑን ከቢዬላው የሚያያይዘውን ፒን) መቆለፊያ ቀለበት ሁልጊዜ በአዲስ ይተኩ። በሥራው ጊዜ የሞተሩን አፍ በጨርቅ ይድፈኑ፤ ቀለበቱ ታች ቢወድቅ ሞተሩን በሙሉ መክፈት ሊጠይቅ ይችላል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አድሼ ኮምፕረሽን ስለካ 9 ኪሎ (በካሬ ሴንቲ ሜትር) ብቻ አሳየኝ። የጥገና መጽሐፉ 12 ገደማ ይላል። ካንዴላውም ጥቁር ጥላሸት ይይዛል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፉም። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር አካባቢ፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ እርስዎ ያሉበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ባሕር ዳርቻ 12 የሚያሳይ ሞተር እናንተ ጋ 9 ቢያሳይ ጤናማ ነው።

ጥላሸቱም ከዚያው ይመጣል። አየሩ ስስ ሲሆን ካርቡራተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ዋናውን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለ ልክ ቀዳዳ) ያውጡና ቁጥሩን ያንብቡ። 100 ከሆነ 97.5፣ ቀጥሎም 95 ይሞክሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ደረጃ ብቻ ይውረዱ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ እጀታውን ሙሉ ከፍተው ዳገት ያውጡት፣ ፍሪሲዮን ይዘው እዚያው ያጥፉትና ካንዴላውን ይዩ። ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ያቁሙ፤ ነጭ ከሆነ አንድ ደረጃ ይመለሱ። የጄት ቀዳዳ በሽቦ አይነካም፤ በዓይን የማይታይ ጭረት ልኩን ይለውጠዋል። ወደ ቆላ ሲወርዱ የድሮውን ጄት መልሰው ይግጠሙ፤ አለበለዚያ ድብልቁ ይሳሳና ፒስተኑ ይጋላል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ የ150 ሲሊንደር ከነፒስተኑ ሱቅ አይቻለሁ። 125 ላይ ቢገጠም ጉልበት ይጨምራል ይላሉ። ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ አንመክርም። ሰዎችን የሚያሳስተው የፒስተኑ ጉዞ አንድ መሆኑ ነው፤ የሁለቱም 49.5 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን 125ቱ 56.5፣ 150ው 62 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላላቸው የ150ው ካሚቻ (የሲሊንደሩ ቱቦ) በ125ቱ ካርተር (የሞተሩ የታችኛው አካል) አፍ አይገባም። አፉን በቶርኖ ማስፋት ይቻላል፤ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) የሚያርፍበት ጠርዝ ግን ይሳሳና ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል። የከበደው ፒስተንም ለሌላ ፒስተን የተመጣጠነውን ኮሎ ያንቀጠቅጠዋል።

ደጋ ላይ ለሚነዳ ሰው የተሻለው መንገድ ኮምፕረሽኑን በመጠኑ ከፍ ማድረግ ነው፤ ስሱ አየር ለዚህ ቦታ ይሰጣል። ቴስታታውን ገልብጠው ካንዴላውን ይግጠሙ፣ አፉን ትንሽ ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክና በግራሶ ይክደኑና በመርፌ ሲሪንጅ ዘይት እየሞሉ ይለኩ። ጓርኒሲዮኑ የሚይዘውን ቦታ ጨምሮ ጠቅላላው 15.5 ሲሲ ከሆነ የኮምፕረሽን ምጥጥኑ 9 ለ 1 ነው። ከፊቱ 0.5 ሚሊ ሜትር ቢላጭ ቢበዛ 1.25 ሲሲ ይቀንሳል፤ ምጥጥኑም ወደ 9.7 ይጠጋል። ከዚያ በላይ አይሂዱ። ሁልጊዜ ሙቀት ባለበት ቆላ ለሚሠራ ሞተር ደግሞ ጨርሶ አይሞክሩት፤ ማንኳኳት ይጀምራል።

ከተላጨ በኋላ ፒስተኑ አናት ላይ የልጆች ፕላስቲሲን ይለጥፉ፣ ቴስታታውን ከነጓርኒሲዮኑ ያጥብቁ፣ የቫልቮላውን ክፍተት ያስተካክሉና ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር ያዙሩ። ከዚያ ይክፈቱና ቫልቮላው የረገጠበትን ቦታ ውፍረት ይለኩ። ከ1.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ከሆነ ወፈር ያለ ጓርኒሲዮን ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ባለ ፑንቲናውን (በሚከፈትና በሚዘጋ ነጥብ እሳት የሚሰጠውን) ወደ ሲዲአይ (ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ) ልለውጠው እፈልጋለሁ። ሳጥኑን ብቻ ብገዛ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። ቮላኖው (ባለ ማግኔቱ ከባድ መንኮራኩር)፣ ከውስጡ ያሉት ጥቅልሎች፣ ምልክት ሰጪው፣ ሳጥኑና ኮይሉ አብረው መምጣት አለባቸው። ወደ 12 ቮልት ከዞሩ ባትሪው፣ ሬጉላተሩ፣ አምፖሎቹና ክላክሱም ይቀየራሉ። ቮላኖውን በመንቀያ ብቻ ያውጡ። በመዶሻ ከተመታ ማግኔቱ ይሰነጠቃል፣ ኮሎውም ከመስመር ይወጣል። ፑንቲናው በ0.3 እና 0.4 ሚሊ ሜትር መካከል ተስተካክሎ ሰማያዊ ብልጭታ የሚሰጥ ከሆነ ግን ባይነኩት ይሻላል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ካደስኩት በኋላ 200 ኪሎ ሜትር ሄዷል። አሁን ከላይ ቲክ ቲክ ይላል። የቫልቮላውን ክፍተት 0.08 አድርጌዋለሁ፣ ድምፁ ግን አልጠፋም።

መልስ፦ 0.08 ሚሊ ሜትር ለሁለቱም ቫልቮላዎች ትክክል ነው፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ፣ የቮላኖው «T» ምልክት ልክ ሲመጣና ሁለቱም ሮከሮች (ቫልቮላ ገፊዎቹ) ሲላሉ የተለካ ከሆነ። አዲስ ጓርኒሲዮን ስለሚሰምጥ መጀመሪያ የቴስታታውን ብሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እንደገና ያጥብቁ፣ ከዚያ ክፍተቱን ይለኩ። ድምፁን ለማጥፋት ብለው ክፍተቱን አያጥብቡት፤ ጭስ ማውጫው ቫልቮላ ሳይከደን ይቀርና ይቃጠላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልጠፋ የማስተካከያውን ብሎን ጫፍ አውጥተው በብርሃን ይዩት። ብዙ ጊዜ ቫልቮላውን በሚነካበት ቦታ እንደ ጥፍር ጫፍ ያለች ጎድጓዳ ይፈጠራል። ላሜራው በጎድጓዳዋ ላይ እንደ ድልድይ ስለሚጋደም 0.08 ያነበቡት ክፍተት በእውነቱ ከዚያ ይሰፋል። ብሎኑን ከነዳዶው ይቀይሩት።