አንድም ጊዜ ያላሸነፈው ዳማ ፈረስ ተስፋ አለው?

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ዳማ ፈረስ አለኝ። አምስት ጊዜ ለግልቢያ ተሰልፎ አንዴም አላሸነፈም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት 45 ኪሎ የሚመዝነው ታናሽ ወንድሜ ጋልቦት፣ ከአንደኛው በሁለት ፈረስ ርዝመት ተቀድሞ ሦስተኛ ወጣ። የቀሩትን ሦስት እኔ ጋለብኩት፤ 62 ኪሎ ነኝ፣ ኮርቻው 8 ኪሎ ነው። ሲነሳ ይመራል፣ ከግማሽ በኋላ ይደክማል። በመጨረሻው ውድድር ኮምቦልቻ ወርደን ከሁሉም ኋላ ቀረ። የደረቱ ዙሪያ 150፣ ርዝመቱ 135 ሳንቲ ሜትር ነው። ልሽጠው? (ከለጋምቦ)

መልስ፦ ገና አይሽጡት። ሦስተኛ የወጣው ወንድምዎ ሲጋልበው መሆኑን ልብ ይበሉ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ፣ ከዚያም በርዝመቱ አባዝተው ለ11,880 ሲያካፍሉት 256 ኪሎ ግድም ይመጣል። ጋላቢና ኮርቻ ተደምረው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ ባይበልጡ ይመረጣል፤ ለዚህ ፈረስ 51 ኪሎ መሆኑ ነው። ወንድምዎ ከነኮርቻው 53፣ እርስዎ ግን 70 ኪሎ ነዎት። በዚያ ሸክም እየመራ መነሳቱ ራሱ ፍጥነት እንዳለው ያሳያል።

የኮምቦልቻውን ውጤት ከቁጥር አያስገቡት። ከደጋ ወርዶ በ1,850 ሜትር ከፍታ በሙቀት የሚሮጥ ፈረስ፣ ሙቀቱን እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ግድም ያስፈልገዋል።

ከልምምድ በፊት ጤናውን ያረጋግጡ። ፋንድያውን በትነው ሲያዩ ያልተፈጨ ገብስ ከበዛ፣ ወይም ያላመጠውን ድርቆሽ ጠቅልሎ ከተፋ፣ የመንጋጋ ጥርሱ ሹል ሆኖ ጉንጩን እየወጋው ሊሆን ይችላል፤ የእንስሳት ሐኪም ይሞርደዋል። የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ሮዝ መሆን ሲገባው ከነጣ ደም አንሶታል፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሆድ ትል ነው። አርፎ ሳለ ከመንጋጋው አጥንት ሥር የደም ሥሩን ዳሰው ለ15 ሰከንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙ። በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ደህና ነው። ከግልቢያ 15 ደቂቃ በኋላ ከ64 በታች ካልወረደ ወይ ገና አልጠነከረም ወይ ታሟል።

ከዚያ ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ያለማምዱት፦ 20 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ 400 ሜትር ግልቢያ ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ ትንፋሹ እስኪመለስ በእርምጃ። ገብስ በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ አይለፍ፤ በልቶ ሦስት ሰዓት ሳይሞላው አይጋለብ፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። በየ200 ሜትሩ ድንጋይ ተክለው በስልክ ሰዓት ይለኩ። የመጀመሪያውን በ16፣ የመጨረሻውን በ21 ሰከንድ ከሮጠ ጉልበቱን በመነሻው ጨርሷል ማለት ነው። ጋላቢው ከመሪው ጭን አጠገብ ያቆየው፤ ሁለት ሦስተኛው መንገድ ሲያልቅ ይልቀቀው። ልጓሙን ግን ጨምድዶ አይያዝ፣ አፉ የቆሰለ ፈረስ አንገቱን እየወረወረ ይሮጣል።

ሁለት ፈረስ ርዝመት ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ በቀላል ጋላቢና በአያያዝ ሊካካስ ይችላል። ወንድምዎ ይጋልበው፣ አጭሩን ርቀት ይምረጡ። ጤናው ተረጋግጦ፣ ልምምዱን ጨርሶ፣ በሁለት ውድድር ከአምስት ርዝመት በላይ ከተቀደመ ያን ጊዜ ለመንገድ ያውሉት ወይም ይሽጡት።