ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ዓይኔ ፈጦ ያድራል»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 68 ዓመቴ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ድክም ብሎኝ እተኛለሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ብንን እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ መገላበጥ ነው። ከአልጋ የምወርደው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንቅልፍ ይወስደኛል። ለእግሬ እብጠት ፉሮሴማይድ የሚባለውን ውሃ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ማታ ማታ እወስዳለሁ፤ ሌሊት ለሽንት ሁለት ሦስቴ እነሳለሁ። ጓደኛዬ ዲያዜፓም የሚባል እንቅልፍ የሚያመጣ ክኒን ሰጥታኝ ሦስት ቀን ሞከርኩት። ልቀጥልበት? ባለቤቴ ደግሞ «ታንኮራፊያለሽ» ይለኛል።

መልስ፦ እናቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዲያዜፓሙን አይቀጥሉበት። ምክንያቱን ቆይቼ እነግርዎታለሁ፤ በመጀመሪያ ግን ሰዓቱን አብረን እንቁጠረው።

ማታ ከ2 እስከ 8 ሰዓት፣ 6 ሰዓት ያህል ተኝተዋል። ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል። ድምሩ 7 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ዕድሜያቸው 65 ላለፈ ሰዎች የሚመከረው ከ7 እስከ 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ እንቅልፍዎ አልጠፋም፤ ተበታትኗል። አልጋ ላይ የሚቆዩት ደግሞ 11 ሰዓት ነው። ያ ሁሉ መገላበጥ የመጣው ከዚህ ትርፍ ሰዓት ነው።

ይህን የምልዎት ችግርዎን ለማቃለል አይደለም። ቤተሰብ ሁሉ ተኝቶ ብቻዎን በጨለማ ጣሪያ ላይ ማፍጠጥ ከባድ ነው። ግን መፍትሔ አለው።

ዕድሜ ሲገፋ ጥልቁ እንቅልፍ ይቀንሳል። ኮሽ ባለ ቁጥር መባነን ይበዛል። የሰውነታችን ሰዓትም ቀደም ይላል፤ ማታ በጊዜ ያንቀላፋናል፣ ሌሊት በጊዜ ያነቃናል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። የሚያባብሰው «ትንሽ ልረፍ» ብለን ቀድመን አልጋ ውስጥ መግባታችን ነው። አልጋው የእንቅልፍ ቦታ መሆኑ ይቀርና የጭንቀት ቦታ ይሆናል።

ስለዚህ አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ እናሳጥረው። ለሁለት ሳምንት ያህል ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት አይተኙ። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ፣ ይነሱ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ ቀን ቀን ያዞርዎታል፣ ያንቀላፋዎታል። በእነዚህ ቀናት መኪና አይንዱ፣ ደረጃ ላይ ይጠንቀቁ። ከአልጋ ላይ ጊዜዎ አብዛኛውን መተኛት ሲጀምሩ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ይጨምሩ። የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) ካለብዎ ግን ይህን ያለ ሐኪም ክትትል አይሞክሩት።

ሌሊት ከነቁና 20 ደቂቃ ያህል ያለፈ ከመሰለዎት ከአልጋ ይውረዱ። ሰዓት አይዩ። ደብዘዝ ባለ መብራት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ቀለል ያለ ነገር ያንብቡ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። የቀኑ እንቅልፍ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፣ ከ9 ሰዓት በፊትም ይለቅ። ለዚህ ማንቂያ ደወል ይሙሉ። ለብዙ ሰው የጠዋት ፀሐይ ይመከራል፤ እርስዎ ግን ማታ በጊዜ ስለሚያንቀላፋዎ አመሻሽ ላይ ወጣ ብለው በብርሃን ይራመዱ። ቡናና ሻይ ከምሳ በኋላ ይቅርብዎ።

ወደ ሽንቱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይሄን ነው። ቀን ሲቆሙና ሲቀመጡ ውሃው እግርዎ ላይ ይጠራቀማል። ማታ ጋደም ሲሉ ወደ ደም ሥር ይመለሳል፤ ኩላሊት ያጣራዋል፣ ፊኛዎ ይሞላል። በዚያ ላይ ፉሮሴማይድ ማታ ሲወሰድ እንቅልፍዎ ላይ ሽንት ያበዛል። ያዘዘልዎትን ሐኪም «ወደ ጠዋት ይዛወርልኝ?» ብለው ይጠይቁ። 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ ጋደም ብለው እግርዎን ትራስ ላይ ከፍ አድርገው አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ፤ እንዳይተኙ ብቻ። ውሃው ከመኝታ በፊት ይወጣልዎታል። የእብጠቱም ምክንያት ይጣራ፤ ከልብ፣ ከኩላሊት ወይም እንደ አምሎዲፒን ካለ የደም ግፊት መድኃኒት ሊመጣ ይችላል። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይታዩ።

ዲያዜፓምን የከለከልኩዎት በእርስዎ ዕድሜ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ነው፤ ቀናት ይፈጃል። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ሚዛን ያስትዎታል። መውደቅ፣ የዳሌ አጥንት ስብራት፣ መርሳትና ግራ መጋባት ይከተላሉ። ያለ ትእዛዝ የሚሸጡ፣ እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ ክኒኖችም ለአረጋውያን አይበጁም። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ባወጣው መመሪያም ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ መሰጠት ያለበት ክኒን ሳይሆን የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ነው ብሏል። ከላይ ያልኩዎት የአልጋ ሰዓት ማሳጠር የዚሁ ሕክምና ክፍል ነው። እርስዎ ሦስት ቀን ብቻ ስለወሰዱ ማቆም አይከብድዎትም። ለወራት የወሰደ ሌላ አንባቢ ካለ ግን በድንገት አያቁም፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስለት።

የቀረኝ ማንኮራፋትዎ ነው፤ ይሄ ያሳስበኛል። ዛሬ ማታ ባለቤትዎ ትንሽ አምሽተው ያድምጡልኝ። ማንኮራፋቱ ለአፍታ ጸጥ ብሎ፣ ትንፋሽዎ ቆሞ፣ ከዚያ እንደ መታነቅ አድርጎዎት ይመለሳል? ከሆነ በስልካቸው ይቅረጹት። በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ እሱም ለሽንት ደጋግሞ ያስነሳል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል። እንዲያ ከሆነ የአልጋ ሰዓት ማሳጠሩን ለጊዜው ያቆዩትና ቅጂውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።