ደንገጎን ያልቻልኩ ባሕሩን እችለዋለሁ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ52 ዓመት እናት ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ጅቡቲ የሚሠራው ልጄ «እማ፣ በጥር ነይና በጀልባ ወስጄ ዓሣ ነባሪ አሳይሻለሁ» ይለኛል። እኔ ግን ሐረር ስሄድ ደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እንኳ ፌስታል ከእጄ አይለይም። የደም ግፊትም አለብኝ፤ ጠዋት ጠዋት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን የሚያሸና ኪኒን እወስዳለሁ። ጀልባው ሽንት ቤት የለውም ስለተባልኩ የዚያን ቀን ኪኒኑን ልተወው አስቤያለሁ። ለማስመለሱስ ፕላሲል ይበቃኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ ይሂዱ። ግፊትዎ በመድኃኒቱ ከተስተካከለ ጀልባው አይከለከልዎትም። ከመሄድዎ በፊት ግን ይለኩት፤ 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዞው ይቆይና መጀመሪያ ሐኪምዎ ይይዎት።

የደንገጎን መንገድ ያስቡት። ሚኒባሱ በተጠማዘዘ ቁጥር የውስጥ ጆሮዎ «እየዞርን ነው» ብሎ ለአንጎል ይነግራል። ዓይንዎ ደግሞ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ወይም ስልክዎን እያየ «ኧረ ቁጭ ብለናል» ይላል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው አፍ ምራቅ ይሞላል፣ ቀዝቃዛ ላብ ይመጣል፣ ከዚያ ያስመልሳል። ሾፌሩን ግን ተመልክተውት ያውቃሉ? በዚያው መንገድ ሲመላለስ ይውላል፣ ምንም አይለውም። መታጠፊያውን ቀድሞ ስለሚያየው ዓይኑና ጆሮው አይጣሉም። ስለዚህ «ጨጓራዬ ነው» እያሉ የጨጓራ መድኃኒት አይግዙ።

ልጅዎ ሊያሳይዎት ያሰበው ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመስለኛል። ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ወደ ዳርቻው ይጠጋል። ሻርክ መባሉ አያስፈራዎት፤ አፉን ከፍቶ ከውኃው የሚያጣራው ደቃቅ ፍጥረታትን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዓሣው ሲታይ ጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል፤ የቆመ ጀልባ ደግሞ ማዕበሉ እንዳሻው ያወዛውዘዋል። ብዙ ሰው የሚታመመው ያኔ ነው፤ ሁሉም ወደ ውኃው አጎንብሶ በስልኩ ሲቀርጽ። እርስዎ ከመሃል አይነሱ፤ መሃሉ ከጫፉ ያነሰ ይወዛወዛል። ዓሣውን አየት ያድርጉና ዓይንዎን ወደ ሩቁ፣ ሰማይና ባሕር ወደሚገናኙበት መስመር ይመልሱ። ቪዲዮውን ልጅዎ ይቅረጽ።

ፕላሲል ለሌላ ዓይነት ማስመለስ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለጉዞ ግን እምብዛም አይረዳም። ፋርማሲ ሄደው ሜክሊዚን ወይም ዳይመንሃይድሪኔት ይጠይቁ። ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ካለብዎት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለፋርማሲስቱ ይንገሩት። ኪኒኑ የሚዋጠው ጀልባው ላይ ከመውጣትዎ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ቢውጡት ተመልሶ ይወጣል። እንቅልፍ ያመጣል፣ አፍም ያደርቃል። እንዴት እንደሚያደርግዎት ለማወቅ ከጉዞው በፊት አንድ ቅዳሜ ሐረር ሲሄዱ ደንገጎ ላይ ይሞክሩት፤ ከዚያ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም። ፕሮሜታዚን ከሰጡዎት ግን ግፊት ሊያወርድና በጣም ሊያስተኛ ስለሚችል ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይውሰዱት።

ሎሚ ማሽተት የሚያረጋጋዎት ከሆነ ያሽትቱ። ሚኒባስ ውስጥ ግን «ንፋስ ይመታኛል» ብለው መስኮት አያዘጉ፤ ንጹሕ አየር ማቅለሽለሹን ያቀለዋል። በባዶ ሆድም አይውጡ። ደረቅ ዳቦና ዝንጅብል ያለበት ሻይ ይበቃል፤ ዘይት የጠጣ ፈጢራ ለሌላ ቀን ይቆይ። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ዋዜማውን ይተዉት፤ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል፣ እንቅልፍ ያጣን ሰው ደግሞ ባሕሩ ቶሎ ይጥለዋል።

አሁን ወደ ኪኒኑ። ሽንት ቤት ማጣት ለሴት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ይገባኛል፤ ብዙ እናቶች በመንገድ ቀን ኪኒኑንም ውኃውንም አብረው ሲተዉ አያለሁ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከተዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ማሸናት ይጀምራል፣ ከተዋጠ ከ4 ሰዓት ያህል በኋላ ይበረታል። ስለዚህ ጠዋት በጀልባ የሚወጡ ከሆነ ለዚያን ቀን ብቻ ከባሕር ሲመለሱ፣ ከሰዓት በኋላ ይዋጡት። ውኃውን ግን አይተዉ፤ የጅቡቲ ሙቀት የድሬን ሰው እንኳ ያደርቃል፣ በየመሃሉ ጥቂት ጥቂት ይጎንጩ። ደጋግሞ አስመልሶዎት ውኃ እንኳ አልረጋ ካለ የሚያሸናውን ኪኒን ከመዋጥዎ በፊት ሐኪምዎ ጋር ይደውሉ፤ ሰውነት በደረቀበት ላይ እሱ ሲጨመር ሊጥልዎት ይችላል።

ቤት ገብተው ሲተኙ አልጋው እንደ ጀልባ ቢወዛወዝብዎ አይደንግጡ፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። አንድ ጎን ከደከመ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ግን ያ የባሕር አይደለም፤ ሳይነጋ ሳይመሽ ሳይሉ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ።