የታላላቆቹን ስዊንግ ለምታወዳድሩ ወጣቶች

ውድ ወጣት ጎልፈኞች፣

ዛሬ የፈለጋችሁትን ታላቅ ተጫዋች ስዊንግ፣ ማለትም ዱላውን ወዝውዞ ኳሷን የሚመታበትን እንቅስቃሴ፣ በስልካችሁ አዘግይታችሁ ማየት ትችላላችሁ። እኛ በእናንተ ዕድሜ ይህን አላገኘንም። ዕድሜዬን በማሠልጠን ያሳለፍኩ በመሆኔ ግን የዚህ ጸጋ ጣጣም አይጠፋኝም። ተማሪው የአንዱን አያያዝ፣ የሌላውን ክርን፣ የሦስተኛውን አጨራረስ ለቃቅሞ ይመጣና ኳሷ እምቢ ትለዋለች። ማወዳደሩን አልቃወምም፤ ዓይንን ያሠለጥናል። ብቻ «የማን ያምራል?» ከማለታችሁ በፊት «ይህ ሰው እንዲህ የሚያደርገው ምኑን ለማስተካከል ነው?» በሉ።

ከአሜሪካዊው ጎልፈኛ ከቤን ሆጋን እንጀምር። ሆጋን ፕሮፌሽናል የሆነው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ በግሉ የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው ግን በ1940። በእነዚያ ዓመታት ያሰቃየው ሁክ ነበር፤ ኳሷ ወደ ግራ ተጠማዝዛ ትጠፋበታለች። መላውን ያገኘው በግራ እጁ ላይ ነው። አያያዙን ወደ ግራ መለስ አደረገው፣ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ሳብ አደረገ፣ ዱላው ከላይ ሲደርስም የግራ አንጓውን ወደ እጁ ጀርባ አጠፈው። አያያዙና አንጓው የዱላውን ፊት (ኳሷን የሚመታውን ገጽ) ይከፍታሉ፤ ወደ ቀኝ እንዲያይ ያደርጉታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ባለ በሌለ ኃይሉ ቢመታም ግራው አያስፈራውም። በ1953 ሜጀር ከሚባሉት ታላላቅ ውድድሮች ሦስቱን፣ ማስተርስን፣ ዩኤስ ኦፕንን እና በስኮትላንድ ካርኑስቲ የተካሄደውን ዘ ኦፕን ያሸነፈው ይህን ስዊንግ ይዞ ነው።

አብዛኛው ጀማሪ ግን የሚቸገረው በተቃራኒው ነው። የዱላው ፊት ክፍት ሆኖ ስለሚደርስ ኳሷ ወደ ቀኝ ትታጠፍበታለች፤ ስላይስ የምንለው ነው። ይህ ልጅ የሆጋንን አንጓ ሲኮርጅ የሌላ ሰው መድኃኒት ዋጠ ማለት ነው፤ ያውም የራሱን ሕመም የሚያብሰውን።

አሁን የዘመናችንን ተጫዋች ደስቲን ጆንሰንን ከሆጋን ጎን አቁሙት። ያው የግራ አንጓ ከላይ ሲደርስ ወደ መዳፉ በኩል ታጥፏል፤ የዱላው ፊት ተዘግቶ ሰማይ ያያል። በሆጋን ሚዛን ከመዘንነው ጥፋት ነው። ነገር ግን ጆንሰን ዱላውን ሲያወርድ ዳሌውንና ደረቱን ወደ ዒላማው እጅግ በፍጥነት ያዞራል፤ ስለዚህ ተዘግቶ የነበረው ፊት ኳሷ ዘንድ ሲደርስ ተስተካክሎ ይገኛል። በ2016 ዩኤስ ኦፕንን፣ በ2020 ማስተርስን አሸንፎበታል። አንጓውን ወስዶ አዟዟሩን የተወ ተማሪ ኳሱን ሲለቅም የሚውለው ግራ በኩል ካለው ጫካ ነው። እንግዳ የሚመስል እንቅስቃሴ ባያችሁ ቁጥር አጋሩን ፈልጉ፤ አንዱ ያጎደለውን ሌላው የሚሞላበት ቦታ አለ።

ጂም ፉሪክም እንዲሁ ነው። ዱላውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይና ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ከዚያ በቀለበት አዙሮ ወደ ውስጥ ይጥለዋል። ያስተማረው አባቱ ነው፤ ያንን ቀለበት ሊያቃናለት አልሞከረም። (እኔ ብሆን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ የምችል አይመስለኝም።) ያ ስዊንግ በ2003 ዩኤስ ኦፕንን አስገኘ፤ በ2016 ደግሞ አንድ ዙር በ58 ምት ብቻ ጨረሰ፤ በፒጂኤ ቱር (በአሜሪካ የወንዶች ፕሮፌሽናል ውድድሮች) ታሪክ ከዚያ በፊት ማንም ያልደረሰበት ዝቅተኛ ምት ነው።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች የሚገናኙት የት ነው? ዱላው ኳሷን በሚነካበት ቅጽበት። ያ ንክኪ የሚቆየው የአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ግማሽ ለሚሆን ጊዜ ነው። ኳሷ የምትነሳበትን አቅጣጫ በዋናነት የሚወስነው በዚያች ቅጽበት የዱላው ፊት የሚያይበት ነው፤ መታጠፏ ደግሞ ፊቱ የሚያይበትና ዱላው የሚሄድበት ምን ያህል እንደተለያዩ ይከተላል። ኳሷ ከላይ የነበረውን አንጓ አታውቅም። የሆጋንን፣ የፉሪክንና የጆንሰንን ምስል ንክኪው ላይ አቁማችሁ ብታዩ፣ እጆቻቸው ከኳሷ ቀድመው፣ ዳሌያቸው ወደ ዒላማው ተከፍቶ፣ ክብደታቸው ወደ ግራ እግር አልፎ ታገኟቸዋላችሁ። እኔ ቪዲዮ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

«ራስህን (ጭንቅላትህን) አታንቀሳቅስ» የሚባለውንም እንየው። ጃክ ኒክላውስ ልጅ ሳለ ራሱ እንዳይነቃነቅ ፀጉሩ ተይዞ ይመታ ነበር፤ 18 ሜጀር አሸነፈ። አኒካ ሶረንስታም ደግሞ ገና ኳሷን ሳትነካ ራሷን ወደ ዒላማው ታዞራለች፤ 10 ሜጀር አሸንፋለች፣ በ2001 በአንድ ዙር 59 መትታለች። እዚህ ላይ ደንብ አውጡልኝ ብትሉኝ አላወጣም። ራስን አጥብቆ መያዝ ትከሻቸውን ያሰረባቸውን ተማሪዎች አውቃለሁ፤ እነሱን የሶረንስታምን አሳያቸዋለሁ።

ታይገር ዉድስን መምሰል የምትፈልጉ ደግሞ የትኛውን ታይገር እንደሆነ ንገሩኝ። በ1997 ማስተርስን በ12 ምት ልዩነት አሸንፎ ሲያበቃ ስዊንጉን አፍርሶ ሠራው፤ በ2000 ዩኤስ ኦፕንን በ15 ምት ልዩነት ወሰደ። ከዚያም አሠልጣኝ በቀየረ ቁጥር ስዊንጉም ተቀየረ። በ2019 ማስተርስን ያሸነፈው በቀዶ ጥገና ያለፈ ጀርባ ይዞ ነው። ጆን ራም ዱላውን ወደ ኋላ አሳጥሮ የሚስበውም ለማማር ብሎ አይደለም፤ የቀኝ እግሩ ሲወለድ ጠማማ ስለነበረ ቁርጭምጭሚቱ እንደሌላው ሰው አይተጣጠፍም። የምትመስሉት አካላችሁ የሚችለውን ይሁን።

ለማማሩ ብቻ ምረጥ ብባል ሚኪ ራይትን እመርጣለሁ። 82 የኤልፒጂኤ (የሴቶች ፕሮፌሽናል) ውድድሮችን ያሸነፈች ናት፤ ሆጋን ራሱ ካየው ሁሉ የላቀ ስዊንግ እንዳላት መስክሮላታል። ወንዶቹም ልጆች እሷን ብታዩ ትጠቀማላችሁ።

ስታወዳድሩ ካሜራው እንዳያታልላችሁ። ከኋላ ስትቀርጹ ስልኩን በወገብ ከፍታ፣ በእጆቻችሁ መስመር ላይ አቁሙት፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቢሸሽ ያንኑ ስዊንግ ጠፍጣፋ ወይም የቆመ ያስመስለዋል። በድራይቨር (በረጅሙ ዱላ) የተመታውንም ከድራይቨር ጋር፣ በ7 ቁጥር አይረን (ከሱ በሚያጥር ባለብረት ራስ ዱላ) የተመታውን ከ7 ቁጥር ጋር ብቻ አስተያዩ።