ዊንዶውሱ ተጭኖ ዶሜይን አልገባ ላላት እህቴ

ሰላም እህቴ፣

ጥያቄሽን ለሌሎቹም አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀሽ አንድ መስሪያ ቤት በአይቲ ሰፖርት ተቀጥረሻል። ገና የሙከራ ጊዜ ላይ ነሽ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ መስሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮቹን ወደ ዊንዶውስ 11 እየቀየረ ነው። ከአንቺ በፊት የነበረው ልጅ በኤምዲቲ (ዊንዶውስን ብዙ ኮምፒውተር ላይ በራሱ በሚጭነው የማይክሮሶፍት መሣሪያ) ያዘጋጀው አውቶማቲክ መጫኛ ስለነበር በሱ ጀመርሽ። ዊንዶውሱ ሁሉም ላይ ተጫነ። ከፊሎቹ ዶሜይን (የመስሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮችና ተጠቃሚዎች ከአንድ ቦታ የሚተዳደሩበት ኔትወርክ) ገቡ፣ ከፊሎቹ «ወርክግሩፕ» ላይ፣ ማለትም ለየብቻቸው፣ ቀሩ። አለቃሽ «እንደገና ፎርማት አድርጊያቸው» አሉሽ። አደረግሽ፤ ያው ሆነ። አሁን «ይሄ ሙያ የኔ አይመስለኝም፣ ወደ ፕሮግራሚንግ ልዙር ወይ?» ትይኛለሽ።

በዚህ ምክንያትስ አትዙሪ። ፕሮግራሚንግን ከልብሽ ከወደድሽው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ እናወራለን። አሁን እጅሽ ላይ ያለው ችግር ግን ተራ አይቲ ሰፖርትን ከሲስተም አድሚን የሚለየው ዓይነት ነው። ሳትፈቺው ጥለሽው ብትሄጂ ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ፎርማት ማድረጉን አቁሚ። ፎርማት ባደረግሽ ቁጥር ማስረጃውን ታጠፊያለሽ። አውቶማቲክ ጭነት ዶሜይን መግባት ሲያቅተው ብዙ ጊዜ ቆሞ አይነግርሽም፤ ዝም ብሎ ይቀጥልና ዴስክቶፑን ያሳይሻል። ምክንያቱን ግን ጽፎት ይሄዳል። ሲ ድራይቭ ላይ «ዊንዶውስ» ውስጥ «ዲበግ» የሚል ፎልደር አለ። እዚያ «ኔትሴትአፕ» የሚባል ሎግ (የተደረገው የሚመዘገብበት ፋይል) ታገኛለሽ። በኖትፓድ ክፈቺና ወደ መጨረሻው ውረጂ። የስህተት ቁጥሩ በሄክሳዴሲማል (ፊደልም በሚቀላቀልበት የቁጥር አጻጻፍ) ነው የተጻፈው፤ ካልኩሌተሩን «ፕሮግራመር» ላይ አድርገሽ ወደ ተራ ቁጥር ቀይሪው። የሥራሽ ግማሹ እሱ ቁጥር ነው።

1355 ካገኘሽ ኮምፒውተሩ ዶሜይኑን ጭራሽ አላገኘውም ማለት ነው። መጀመሪያ ዲኤንኤሱን (ስምን ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚተረጉመውን አገልግሎት) እዪ። ዶሜይን ኮንትሮለሩን (ዶሜይኑን የሚያስተዳድረውን ሰርቨር) የሚያውቀው የመስሪያ ቤቱ ዲኤንኤስ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ 8.8.8.8 (የጎግል ዲኤንኤስ) ወይም የራውተሩ አድራሻ ከተቀመጠ ኢንተርኔት ይሰራል፣ ዶሜይን ግን አይገኝም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «በኔትወርክ ቡት አድርጎ ኢሜጁን (ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን የዊንዶውስ ቅጂ) ካወረደ ኔትወርኩ ደህና ነው» ይላሉ። አይደለም። ኢሜጁን የሚያወርደው ዊንፒኢ የሚባለው ትንሿ ሲስተም ነች፤ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር እሷ ውስጥ ስላለ ይሰራል። ዋናው ዊንዶውስ ውስጥ ያው ድራይቨር ከሌለ ዶሜይን በሚገባበት ሰዓት ኮምፒውተሩ ኔትወርክ የለውም። የቀሩት ኮምፒውተሮች ሞዴላቸው አንድ ዓይነት መሆኑን አጣሪ።

1326 የተጠቃሚ ስም ወይም የይለፍ ቃል ስህተት ነው። የበፊቱ ልጅ ሲለቅ የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነበር የሚወድቁት። ያንቺዎቹ ከፊሎቹ ስለገቡ ይህን ብዙም አልጠረጥርም። የመጀመሪያዎቹ 10 ገብተው 11ኛው ላይ ከቆመ ግን ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት ባስቀመጠው መነሻ ገደብ አንድ ተራ ተጠቃሚ ዶሜይን ማስገባት የሚችለው 10 ኮምፒውተር ብቻ ነው። ቁጥሩ 8557 ይሆናል።

እኔ በጣም የምጠረጥረው 2732ን ነው። ኮምፒውተሮቹ ድሮም ዶሜይን ውስጥ እንደነበሩና የድሮ ስማቸውን እንደያዙ ጽፈሽልኛል። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት የወጣው የዊንዶውስ ደህንነት ማሻሻያ ሌላ ሰው የፈጠረውን የኮምፒውተር አካውንት (ኮምፒውተሩ ዶሜይኑ ውስጥ የተመዘገበበትን) እንደገና መጠቀምን ይከለክላል፤ 2732 የሚመጣው ያኔ ነው። አካውንቱን የፈጠረው ዶሜይን አድሚን (በዶሜይኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ከሆነ ወይም አሁን የሚያስገባው ያው የፈጠረው ተጠቃሚ ከሆነ ያልፋል። ከፊሉ ገብቶ ከፊሉ የቀረው በዚህ ሊሆን ይችላል። መፍትሄው የድሮውን አካውንት ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ (ከዶሜይኑ የአካውንቶች መዝገብ) ላይ አስጠፍቶ እንደገና መሞከር ነው። ከማስጠፋትሽ በፊት ግን የቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ፕሮግራም) መክፈቻ ቁልፍ አካውንቱ ስር ተቀምጦ እንደሆነ አረጋግጪ፤ አካውንቱ ሲጠፋ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል።

ሰዓቱንም አትርሺ። አሮጌ ኮምፒውተር የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ኬርቤሮስ (ዶሜይኑ ማንነት የሚያረጋግጥበት ሥርዓት) ደግሞ በመነሻው ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይቀበልም። የሰዓት ክልሉ አሜሪካ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን በእጅ ወደ እኛ ሰዓት የሚያስተካክሉም አሉ። ስክሪኑ ላይ ትክክል ይመስላል፣ ከውስጥ ግን በብዙ ሰዓት ተሳስቷል። የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ የሚለው ላይ አድርጊው፤ የኛም እሱ ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ ልለምንሽ። «በዶሜይን አድሚን አካውንት አድርጊው፣ ይገባልሻል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሊገባልሽ ይችላል። ግን ኤምዲቲ የይለፍ ቃሉን ከስተምሴቲንግስ በሚባለው ፋይል ውስጥ ማንም በሚያነበው ጽሑፍ ነው የሚያስቀምጠው። ያንን ፎልደር መክፈት የቻለ ሰው የመስሪያ ቤቱን ሙሉ ቁልፍ አገኘ ማለት ነው። ኮምፒውተር ዶሜይን ከማስገባት ሌላ ሥልጣን የሌለው የተለየ አካውንት እንዲፈጠርልሽ ጠይቂ። ጀማሪ ነኝ ብለሽ አትፈሪ፤ ይህን የጠየቀ ጀማሪ ይከበራል።

አሁን ወደ ሙያሽ ልምጣ። ችግሩ ሲፈታ ለአለቃሽ «ተስተካክሏል» ብለሽ ብቻ አትለፊ። ምን እንደታየ፣ ሎጉ ምን እንዳለ፣ ምን እንደተቀየረ በግማሽ ገጽ ጽፈሽ ስጫቸው፤ ኮፒውንም፣ የይለፍ ቃልና የሰርቨር አድራሻ አውጥተሽ፣ ለራስሽ አስቀሪ። ኢንተርቪው ላይ «የፈታሽውን አንድ ከባድ ችግር ንገሪን» ሲሉሽ የምታወሪው እሱን ነው። ሲቪሽ ላይም «ዊንዶውስ መጫን እችላለሁ» የሚለውን አውጪና «በአውቶማቲክ ጭነት ወቅት ዶሜይን ያልገቡ ኮምፒውተሮችን መንስኤ ከሎግ ለይቼ ፈትቻለሁ» በይ። ሁለተኛው ቀጣሪ ጥያቄ እንዲጠይቅሽ ያደርጋል።

ስለ ሙከራ ጊዜው ያለሽ ስጋት ይገባኛል። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሰረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አሰሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። ስለዚህ ዝም ብለሽ አትታገዪ። በየቀኑ የት እንደደረስሽ ለአለቃሽ ንገሪ። አለቃ የሚጨነቀው ምን እየተሰራ እንደሆነ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ኤምዲቲ ላይ ብቻ ግን አትቅሪ። የመጨረሻ እትሙ በ2011 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ማይክሮሶፍት ፊቱን ወደ አውቶፓይለትና ኢንቱን (ኮምፒውተሮችን በኢንተርኔት ወደሚያዘጋጁና ወደሚያስተዳድሩ አገልግሎቶቹ) አዙሯል። ሰርተፊኬት ካሰብሽ ኤምዲ-102 የሚባለው ፈተና ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ነው። ግን ከፈተናው በፊት ልምምዱ ይቅደም። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ካገኘሽ ሃይፐርቪ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮችን በሶፍትዌር የሚፈጥር የዊንዶውስ ክፍል) ላይ የዊንዶውስ ሰርቨርን የ180 ቀን የሙከራ እትም ጫኚ። አንድ ዶሜይን ኮንትሮለር፣ አንድ ዊንዶውስ 11። ከዚያ ሆን ብለሽ አበላሺው፦ ዲኤንኤሱን ቀይሪ፣ ሰዓቱን አዛቢ፣ አካውንቱን በሌላ ተጠቃሚ ፍጠሪ። እያንዳንዱ ሎጉ ላይ ምን እንደሚጽፍ እዪ።

ለነገ ግን የቀሩት ኮምፒውተሮች ላይ ያለውን ሎግ ወደ ፍላሽ ገልብጪ፤ ማንም ፎርማት እንዳያደርጋቸውም ለቢሮሽ ልጆች ንገሪ። ያገኘሽውን ቁጥር ጻፊልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።