መልስ፦ ማንንም ሳላምን ቴራፒ ይሰራል ወይ?

እህቴ «ማንንም የማላምን ሰው ቴራፒስቱንስ እንዴት አምናለሁ» ላልሽው፣ አምነሽ መግባት አይጠበቅብሽም እኮ፣ እንደውም መጀመሪያ ቀን «አላምንህም» በይው፣ ጥሩ ባለሙያ ከሆነ አይቀየምም ስራው ከዛ ነው የሚጀምረው። ስላንቺ የሚጽፈውን ማስታወሻ ማን እንደሚያየው፣ ሚስጥር የማይጠብቀው መቼ እንደሆነ (ህይወትሽ አደጋ ላይ ሲሆን ለምሳሌ) ፊት ለፊት ጠይቂው። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የጀመረው ሲቢቲ (አስተሳሰብና ባህሪ ላይ የሚሰራ የቴራፒ አይነት ነው) ላይ ደግሞ ግምትሽን በትንሽ ነገር ትፈትኛለሽ፣ ማለት ቢወራም የማይጎዳሽን ነገር ለጓደኛሽ ነግረሽ «ታወራዋለች» ብለሽ ጽፈሽ ታስቀምጫለሽ፣ ከዛ የሆነውን ታያለሽ። አንዳንዴ በእርግጥም ታወራዋለች 😅 እሱም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የሚፈለገው ሁሉንም ማመን ሳይሆን ማንን በምን ያህል የሚለውን መለየት ነው። በልጅነት ከተጎዳሽ ጊዜ ይፈጃል፣ «ሶስቴ ብቻ ነይ ትድኛለሽ» የሚልሽን ግን እኔም አላምነውም።