የበረዶ ቤት ከመቅለጡ በፊት ይጎብጣል

እኅቴ፣ የሥነ ሕንፃ ተማሪ መሆንሽን ነግረሽን፣ ለዋልታ አካባቢ የነደፍሽው መጠለያ ግድግዳውም ጠፍጣፋ ጣሪያውም ከግግር በረዶ ነው፤ ሰው ሲኖርበት ይቀልጥ ይሆን? ብለሽ ጠይቀሻል። የምኖረው በሰሜን ስዊድን ኪሩና አጠገብ ነው፤ በብርዱ ወራት እንጀራዬም የበረዶ ግንባታ ነው። ቤትሽ ከመቅለጡ በፊት ይጎብጣል።

ከግድግዳው ልጀምር። ግግር በረዶ ያምራል፣ ይጠነክራልም፤ ብርድ ግን አይመክትም። ብርድ የሚመክተው ከሰማይ የሚወርደው አመዳይ ነው። ነፋስ የጠቀጠቀው አመዳይ በሜትር ኩብ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ግግር በረዶ 917 ይመዝናል። ልዩነቱ በቅንጣቶቹ መካከል የታሰረው አየር ነው፤ ሙቀቱን የሚይዘውም እሱ ነው። በካናዳ ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት ኢኑይቶች ኢግሉን፣ ማለትም ጉልላት መሳይ የበረዶ ቤታቸውን፣ ከአመዳይ የሚሠሩት፣ ግግር በረዶን ለመስኮት ብቻ የሚያስገቡት ለዚህ ነው።

አመዳይ ሁሉ ግን አይሆንም። እነሱ ቀጭን ዘንግ ሰድደው ይፈትኑታል፤ እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። ዘንጉ ከላይ እስከ ታች በእኩል ኃይል ከገባ አመዳዩ አንድ ወጥ ነው። አንዴ እየጠበቀ አንዴ እየላላ ከገባ ንብርብር አለው፤ ብሎኩ ገና ሲነሣ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ደኅናው ብሎክ በመጋዝ ተቆርጦ ከቦታው ከገባ በኋላ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ በማግሥቱ ከተቆረጠበት ጊዜ ይበልጥ ጠንክሮ ታገኚዋለሽ።

በኢግሉ ውስጥ መኝታው ከመግቢያው ከፍ ይላል፤ ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ይወርዳል። ውጭው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሆኖ እንኳ፣ በሰው ገላና በዘይት ኩራዝ ውስጡ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ጥቂት ቢቀልጥ አመዳዩ ውኃውን መጥጦ መልሶ ያረጋዋል። አናቱ ላይ የአየር ቀዳዳ መኖር አለበት፤ በታፈነ ቤት የሚነድ ኩራዝ ሰው ይገድላል። በንድፍሽ ላይ ቀዳዳ አላየሁም፤ እባክሽ ይህን አትዘንጊ።

አሁን ወደ ጣሪያው። በረዶ ጠጣር ይምሰል እንጂ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ይፈስሳል፤ ሙቀቱ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይብስበታል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ በበረዶ ውስጥ የቆፈረው ካምፕ ሴንቸሪ የኑክሌር ማመንጫ ሳይቀር ነበረው። ግድግዳና ጣሪያው እየጠበበ ስላስቸገረ በየጊዜው መፋቅ ግድ ሆነ፤ በ1967 ጭራሽ ተተወ። የቀለጠ ነገር አልነበረም፤ በረዶው ተንቀሳቀሰ።

በዚያ ላይ በረዶ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ይሰበራል። የጠፍጣፋ ጣሪያ የታችኛው ፊት ሁልጊዜ ይሳባል፤ በቅስት ግን ክብደቱ ሁሉ በመጫን ወደ መሬት ይወርዳል። እዚሁ ኪሩና አጠገብ በዩካስየርቪ መንደር የሚገኘው ታዋቂው የበረዶ ሆቴል ግግሩን በመጋቢት ከቶርነ ወንዝ ቆርጦ ለሚቀጥለው ብርድ ያስቀምጣል፤ ዋና አካሉ ግን የአመዳይና የግግር ድብልቅ በብረት ቅርጽ ላይ ተነፍቶ የተሠራ ቅስት ነው። ውስጡም ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ስለሆነ እንግዳው በአጋዘን ቆዳ ላይ፣ በመኝታ ከረጢት ይተኛል። እኔ የብረት ቅርጹ እንደወጣ ከወለል እስከ ቅስቱ አናት እለካለሁ፤ ልኩ በየሳምንቱ ይቀንሳል። ከበሩ በላይ ክፍተት ካልተተወ ጣሪያው ወርዶ በሩን ያንቀዋል።

የግድ ግግር በረዶ ይሁን ካልሽ ቃጫ ያለው ነገር ቀላቅይበት። እ.ኤ.አ. በ1943 በካናዳ ፓትሪሺያ ሐይቅ ላይ የበረዶ መርከብ ሙከራ ሲደረግ የታሰበለት ፓይክሪት የተባለ ድብልቅ በረዶ 14 በመቶ ያህሉ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው፤ ከተራ በረዶ ይልቅ ለመሰበር ያስቸግራል፣ ቀስ ብሎም ይቀልጣል።

እንግዲህ ግድግዳውን ወደ አመዳይ፣ ጣሪያውን ወደ ቅስት ቀይሪው። የቅስቱን ስፋትና ውፍረት እዚሁ ጻፊልኝ፤ አይቼ አስተያየቴን እሰጥሻለሁ።